ለአምቦው ኤዲተር «ኮር አይ9» ያዋጣዋል?

ጥር የሠርግ ወር ነው። ከሆለታ እስከ ባኮ ባለው መንገድ ካሜራ ያለው ወጣት ሁሉ ሥራ ይበዛበታል። ሠርጉ አልቆ ሙሽሮቹ «ቪዲዮው የታለ?» ብለው መደወል ሲጀምሩ ደግሞ ኮምፒውተሩ መንቀራፈፍ ይጀምራል። «አይ9 ብገዛስ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። አምቦ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ሰሞኑን ይህንኑ ጠየቀኝ። ዕቁብ ሊደርሰው ነው። ብሩ የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ከተሳሳተ ቀጣዩን ዙር መጠበቅ ሊኖርበት ነው።

መልሴ «አትግዛ» ነበር። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል።

ከዋጋው እንጀምር። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 ኮር አይ9 14900ኬን ሲያወጣ ዋጋው 589 ዶላር ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ኮር አይ5 14600ኬ ደግሞ 319 ዶላር። ልዩነታቸው 270 ዶላር ነው። ያኔ ዶላር በባንክ 56 ብር ገደማ ስለነበር ይህ ልዩነት 15 ሺህ ብር አካባቢ ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ ዶላር ከ100 ብር ዘለለ። በ150 ብር ብናሰላው ያው 270 ዶላር 40,500 ብር ይሆናል፤ ቀረጡ፣ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ሳይጨመር። የውጭ ዩቲዩበሮች «ትንሽ ጨምራችሁ ትልቁን ግዙ» ሲሉ በራሳቸው ኪስ እያሰቡ ነው።

ለዚህ ብር ምን ይገኛል? 14900ኬ 24 ኮር አለው፣ 14600ኬ 14። ሥራው ለሁሉም ኮር የሚከፋፈል ከሆነ፣ ለምሳሌ በፕሮሰሰሩ የሚሠራ የ3ዲ ሬንደር ወይም ትልቅ ሶፍትዌር ኮምፓይል ማድረግ ከሆነ፣ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ዎርድ፣ ኤክሴልና ብሮውዘር ግን ደንታም የላቸው። ኦቶካድ እንኳ አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው በአንድ ኮር ነው፤ ለእሱ ብሎ 24 ኮር የገዛ የምህንድስና ተማሪ አብዛኞቹን ያስተኛቸዋል። የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠናም ብሮውዘር ላይ ያልቃል።

ቪዲዮስ? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። ፕሪሚየር የኤች264 ቪዲዮ ሲያጫውትና ኤክስፖርት ሲያደርግ ትልቁን ሸክም ሊያነሳለት የሚችለው ኢንቴል ፕሮሰሰር ውስጥ ያለው «ክዊክ ሲንክ» የሚባለው የግራፊክስ ክፍል ነው። በአይ9ኙም በአይ5ቱም ያለው ደግሞ ያው ዩኤችዲ 770 ነው። በስሙ መጨረሻ «ኤፍ» ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር ረከስ ብሎ ቢቀርብላችሁ ግን ጠንቀቅ በሉ፤ ይህ ክፍል ተዘግቶበታል ማለት ነው። ለኤዲተር ከአሥር ትርፍ ኮር ይልቅ የዚህች አንዲት ፊደል አለመኖር ይጠቅመዋል።

ደግሞስ የኤዲተር ጊዜ የሚያልቀው በኤክስፖርት ነው እንዴ? ቁጭ ብሎ ሲቆርጥ፣ ዘፈን ሲያስገባ፣ «አጎቴ ሲጨፍር የታለ?» የሚል ጥሪ ሲቀበል ነው። ኤክስፖርቱ ማታ ሲተኛም ያልቃል።

«መብራት ካልጠፋ!» አለኝ ወዳጄ። «እኔ ፈጣን የፈለግኩት መብራት ሳይጠፋ እንዲጨርስልኝ ነው።» ከሰማኋቸው መከራከሪያዎች ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ለሚጽፍ ሰው አይመጣለትም። 90 በመቶ የደረሰ ኤክስፖርት ሲጠፋ ከዜሮ መጀመር ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግን ሒሳቡን እንየው። 14900ኬ ሙሉ ኃይሉን ሲጠቀም እስከ 253 ዋት ይወስዳል፤ ያውም ፕሮሰሰሩ ብቻውን። ግራፊክስ ካርዱና ስክሪኑ ሲደመሩበት ብዙ ቦታ የምናየው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ፣ የሚችለው ከ400 ዋት በታች ስለሆነ፣ ጮኾ ይዘጋል። በ65 ዋት ደረጃ የተሠራው ራይዘን 5 5600 ግን ያንኑ ዩፒኤስ ይዞ የጀመረውን ሴቭ ለማድረግ በቂ ደቂቃ ይሰጣል። ስለዚህ የመብራት ነገር ካሳሰበህ መጀመሪያ ጥሩ ዩፒኤስ ግዛ፣ ቪዲዮውንም ከፋፍለህ አውጣ። ማቀዝቀዣም አለ፤ 14900ኬ ከነፋኑ አይሸጥም፣ ለብቻው ጠንካራ መግዛት ግድ ነው። አምቦ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ አየሩ ሳሳ ስለሚል ፋን ሙቀት የማውጣት አቅሙ ይቀንሳል (ብርዱ በመጠኑ ያካክሳል እንበል)።

ሌላው ኢንቴል ራሱ ያመነው ችግር ነው። የ13ኛውና የ14ኛው ጄኔሬሽን ፕሮሰሰሮች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ውለው አድረው ይበላሹ ነበር። 14600ኬንም የሚመለከት ቢሆንም ጩኸቱ የበዛው በአይ9ና በአይ7 ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የባዮስ ማሻሻያ ወጣ፣ ዋስትናውም በሁለት ዓመት ተራዘመ። ማሻሻያው ግን አስቀድሞ የተጎዳውን አያድንም። በሰው ሻንጣ ከዱባይ ለመጣ ፕሮሰሰር ደግሞ የሁለት ዓመት ዋስትና ለአምቦ ልጅ ምን ይፈይዳል? አዲስ አበባ ለመድረስ እንኳ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት።

ጊንጪም፣ ጉደርም፣ ጌዶም አብዛኛው ሰው የሚገዛው ያገለገለ ኮምፒውተር መሆኑን አልረሳሁም። እዚያ የሚያታልለው «አይ7» የሚለው ስቲከር ነው። ከስቲከሩ ይልቅ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር አንብቡ። አይ7 4770 አራተኛ ጄኔሬሽን ነው፣ የ2013 ምርት፤ አይ3 12100 ደግሞ የ2022። ሁለቱም አራት ኮር አላቸው፤ «ትንሹ» አይ3 ግን በፍጥነት ጥሎት ይሄዳል። የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያለውን ኢንቴል ነው። አሮጌ አይ7 በ«ፕሪሚየም» ዋጋ መግዛት ከአዲሱ አይ9 የባሰ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ።

አሁን ብሩ መሄድ ያለበት ወደ ራም ነው፤ እሱም እየተወደደ ነው። ማይክሮን በኅዳር 2018 ዓ.ም. «ክሩሻል» በሚል ስም ለተራው ተጠቃሚ የሚሸጠውን ራምና ኤስኤስዲ እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ሜሞሪውን የኤአይ ዳታ ሴንተሮች እየወሰዱት ነው። ለወዳጄ የጻፍኩለት ዝርዝር ይኼው፦ 14600ኬ ወይም ከእሱ ዝቅ ያለ፣ 32 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ ለቆዩ ሠርጎች ማስቀመጫ ተራ ሃርድ ዲስክ፣ ደህና ዩፒኤስ። በየቀኑ 3ዲ የሚሠራና ደንበኛ ተሰልፎ የሚጠብቀው ቢሆን ኖሮ አይ9ኙን ግዛ እለው ነበር።

ዝርዝሩን አይቶ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ ለደንበኛ የሚነገር አንድም የለም» ብሎ ሳቀብኝ። ዕቁቡ ሊደርሰው ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።