«እጥረት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ እስከ ታይዋን ገበያ ነጋዴ ከነጋዴ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚነሳው ቃል «እጥረት» ነው። የዶላር እጥረት፣ የስኳር እጥረት፣ የሲሚንቶ እጥረት፣ የውኃ እጥረት። የባንክ ገንዘብ ከፋዩም ማምሻ ላይ ሒሳቡ አልገጥም ሲለው «ሾርቴጅ ገባብኝ» ይላል። ለመሆኑ ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነውን? ለዚህ ጸሐፊ አይመስለውም። ልዩነቱም የቋንቋ ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይ ነው።

«ሾርቴጅ» አጭር የሚል ትርጉም ካለው «ሾርት» ተረብቶ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ቃል ነው። የእኛው «እጥረት»ም «አጠረ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ችግሩን ያዩት ከሚፈለገው ጫፍ እንዳልደረሰ ገመድ ነው። «ዴፊሲት» ግን ላቲን ሲሆን ቀጥተኛ ፍችው «ይጎድላል» ነው፤ ፈረንሳውያን በንብረት ቆጠራ ላይ ያልተገኘውን ዕቃ ይመዘግቡበት ነበር። «የበጀት ጉድለት» ብለን መተርጎማችን እንግዲህ ትክክል ነው። ሦስተኛው «ስኬርሲቲ» ነው። እንግሊዛዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ሊዮኔል ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1932 ሙያውን የተረጎመው በዚሁ ቃል ነበር፤ ፍላጎት ብዙ፣ ማሟያው ውስን መሆኑን ለመግለጽ። ይህኛው በሀብታምም በድሃም አገር ዘወትር ያለ ነው። ሾርቴጅ ግን በአንድ በተወሰነ ዋጋ ፈላጊው ከአቅራቢው ሲበልጥ ብቻ የሚፈጠር ነው።

ለነጋዴው ትልቁ ቁም ነገር «በተወሰነ ዋጋ» የሚለው ሐረግ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሲሆን በትይዩ ገበያ እጥፍ ያህል ያወጣ ነበር። አስመጪው በባንክ ወረፋ ይጠብቃል፤ በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ደግሞ ለ38 ዓይነት ዕቃዎች ኤልሲ መክፈት ታገደ። ዶላሩ በአገሩ ጨርሶ ስላልነበረ ነውን? በከፊል አዎን፤ የወጪ ንግዳችን ከገቢው በእጅጉ ያንሳል፤ ይህ ጉድለት ነው። ወረፋው ግን የዋጋው ውጤት ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሳ። ይሁን እንጂ የንግድ ሚዛኑ ጉድለት በአንድ መመሪያ አልተዘጋም።

እዚህ ላይ አራተኛ ቃል ይመጣል፤ «እጦት»። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ገዢው ዋጋውን ጠይቆ ሲመለስ እጥረት የለም፤ ያለው የገዢው ማጣት ነው። የደመወዝተኛው ብር ባለበት ቆሞ ዋጋው ሲሮጥ ሱቁ ሙሉ፣ ገበያው ግን ጭር ያለ ይሆናል። ዛሬ «ዕቃው አለ፣ ሰው የለም» የሚል ነጋዴ ሊያጤነው የሚገባ ይህን ነው።

ዋጋ ብቻውን የማይፈታውም አለ። የከተማችን ውኃ ከከርሰ ምድር የሚሳብ ነው። ታሪፍ ስለጨመረ በማግስቱ ጉድጓድ አይቆፈርም፤ ፓምፕና መስመርም አይዘረጋም። መፍትሔው መዋዕለ ንዋይ ነው። ድሬዳዋ ራሷ ለዚህ ምስክር ናት። በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ሲደርስ የተቆረቆረችው የጅቡቲና የመሐል አገር ርቀት እንዲያጥር ገንዘብ ስለፈሰሰ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ነፃ የንግድ ቀጠናም ሊለካ የሚገባው በስንት ሪባን መቆረጡ ሳይሆን በስንት ቀን ዕቃ ማድረሱ ነው።

በሽታው ሳይለይ መድኃኒት አይታዘዝም። ሹም «ስግብግብ ነጋዴ እጥረት ፈጠረ» ብሎ መጋዘን ከማሸጉ በፊት፣ ነጋዴም «እጥረት ነው» ብሎ ዕቃውን ከመደበቁ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልስ፦ በስንት ብር? ዋጋው ሲስተካከል ዕቃው ብቅ ካለ ችግሩ የዋጋ ነበር። በየትኛውም ዋጋ ካልተገኘ የአቅርቦት ነው። ዕቃው ኖሮ ገዢ ከጠፋ ደግሞ የገቢ ነው። ሦስቱን በአንድ «እጥረት» ስም ጠቅልሎ መጥራት ደላላውን ካልሆነ በቀር ማንንም አይጠቅምም።