«ባዶ ቦታ» ለማን ነው ባዶ?

«ስፔስ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ መልሱ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ህዋ? ቦታ? ክፍተት? ምህዳር? ሁሉም ያስኬዳል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ጠያቂው ከየትኛው ዲፓርትመንት እንደመጣ ነው።

የፊዚክስ ሰዎች እንኳ እርስ በርስ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1687 መጽሐፉን ላሳተመው ኒውተን፣ ቦታ በውስጡ ዕቃ ኖረም አልኖረም ያው ነው፤ እንደ ባዶ ቤት በሉት። ላይብኒዝ ግን ቦታ ማለት ነገሮች አንዱ ከሌላው አንጻር ያላቸው አቀማመጥ እንጂ ሌላ አይደለም ብሎ ተከራከረ። አንስታይን ደግሞ በ1915 ባቀረበው ንድፈ ሐሳቡ፣ ከጊዜ ጋር የተሳሰረው ቦታ በቁስ አካል ምክንያት እንደሚጎብጥ አስረዳ።

ወደ ሶሻል ሳይንስ ስንመጣ ነገርዬው ሌላ ነው። ፈረንሳዊው አንሪ ለፌቭር በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ቦታን ማኅበረሰብ የሚያመርተው ነገር አድርጎ ያየዋል። ሜዳ ሜዳ ብቻ አይደለም፤ ማን ይጠቀምበታል፣ ማንስ ይከለከላል የሚለው ጥያቄ አብሮት አለ።

እኛስ ጋ? ቦታ ማለት የጋዜጣ ገጽ ነው። «ቦታ የለም» ከተባላችሁ ዜናችሁ ተቆረጠ ማለት ነው። የፖለቲካ ምህዳሩ ሰፋ ወይም ጠበበ ብለን ስንጽፍ ደግሞ በሜትር የሚለካ ነገር የለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለጋዜጠኛ ምኑ ነው? በበኩሌ ትልቅ ጉዳይ ነው እላለሁ። ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ታህሳስ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ባስወነጨፈች ጊዜ ሁላችንም ስለ ህዋ አወራን። የሳተላይቷ ሥራ ግን ቁልቁል ማየት፣ መሬትን ፎቶ ማንሳት ነበር። እንግዲህ ከላይ በተነሳ ፎቶ ቤትም እርሻም የማይታይበት መሬት ባዶ ይመስላል። አርብቶ አደሩን ብትጠይቁት ግን የበጋ ግጦሽ ነው ይላችኋል። ዛሬ ከብት የሌለበት በበጋ ሊመለስበት ስላቆየው ነው።

ይህ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ፣ ብዙ አፋሮች በወንዙ ዳር የነበራቸውን የበጋ ግጦሽ አጥተዋል። ከ1972 እስከ 1974 ድርቅ ሲመጣ ከብቱ የሚሸሽበት ቦታ ጠቦ ነበር። ለፕላን አውጪው ያልለማ መሬት የነበረው ለአፋሩ የክፉ ቀን ጎተራው ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሆኖም አንድ ዜና «ባዶ ቦታ» ብሎ ከጀመረ፣ አንባቢው የተፈናቀለ ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ ከየት ይጠርጥር?

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመሬትን ስም ግን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው መግለጫ ጸሐፊው ነው፤ እኛ ደግሞ እንደወረደ እንገለብጠዋለን።

«ጋዜጠኛ እኮ ፈላስፋ አይደለም፣ ዜናው ለሰዓቱ መድረስ አለበት» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔም ኒውተንና ላይብኒዝን በዜና ውስጥ አስታርቁ አላልኩም። ክፍት፣ ባዶ፣ ያልለማ የሚል ቃል በመግለጫ ላይ ስናገኝ ሦስት ነገር እንጠይቅ ነው የምለው፦ በማን ዓይን? በየትኛው ወቅት? ለየትኛው ሥራ? ለዚህ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። መልስ ካልተገኘ ቃሉን በትእምርተ ጥቅስ አስገብተን ተናጋሪውን እንጥቀስ፤ የራሳችን ቃል አናድርገው።

የዜና አጻጻፍ መምህሮቻችን አንድ ዜና ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምንና እንዴት የሚሉትን ይመልስ ይሉናል። ከስድስቱ ቀላል የሚመስለን «የት» ነው። የቦታውን ስም ጽፈን እናልፈዋለን። እኔ ግን ከሁሉም በላይ ማጣራት የሚፈልገው እሱ ይመስለኛል።