ስለ በረሃና ስለ ቢስክሌት ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ለሚያነሣ ሰው እጅግ ከሚከብዱት ነገሮች ሁለቱ፣ እንደሚመስለን፣ የማይነቃነቀው በረሃና የማይቆመው ቢስክሌት ናቸው። በረሃው አይሸሽም፤ ነገር ግን ብርሃኑ ከመብዛቱ የተነሣ የሚያሳየውን ያህል ይሰውራል። ቢስክሌተኛው ደግሞ ብርሃኑ መልካም ቢሆን እንኳ ጣት የካሜራውን ቁልፍ እስክትጫን ድረስ አልፎ ይሄዳል። ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ገጽ ምን አገባው የሚል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ወደ ምንጩና ወደ እናቶች ጀርባ የምንደርሰው በዚሁ መንገድ ነውና።

ለወልድያና ለሀብሩ ሰው በረሃ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ወልድያ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ተቀምጣለች፤ በሲሪንቃ በኩል አድርጎ ወደ መርሳ የወረደ መንገደኛ 1 ሺህ 600 ሜትር ያህል ላይ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ በስተ ምሥራቅ አገሩ እያዘቀዘቀ ሄዶ ከአፋር ምድር ይገናኛል። የአፋር ሰው ግመሉን እየነዳ በቆላው ገበያ ሲገበያይ እናየዋለን፤ ሰላምታውንም እናውቀዋለን። የበረሃው ፎቶግራፍ በሌላ አገር ተሰቅሎ ሲታይ ግን ብዙ ጊዜ ያ ሰው በውስጡ የለም፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ የምትጠልቅ ፀሐይ፣ እግር ያልረገጠው አሸዋ ብቻ ነው የሚታየው። የተመለከተውም ሁሉ አገሩ ባለቤት የሌለው ይመስለዋል። ባለቤት የሌለው የመሰለ አገር ደግሞ ስለ ውኃ ጕድጓድም ሆነ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ሐኪም ሲመከር ከሁሉ በኋላ ይታሰባል። ስለዚህ የፎቶግራፉ ጕዳይ የውበት ጕዳይ ብቻ አይደለም።

ከአፋር በረሃ ሁሉ ስሙ የገነነው ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል በታች 125 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ስፍራ ሲሆን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነበር። በዚያ ስፍራ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ሰው የሥራ ሰዓቱ አጭር ነው። ከረፋዱ በኋላ ከመሬት የሚነሣው ትኵሳት አየሩን ያርገበግበዋል፤ በሩቅ ያለው ግመልም በውኃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል። በቀትር ጊዜ ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትቆም ጥላ ይጠፋል፤ ጥላ ሲጠፋ ደግሞ የመሬቱ ከፍታና ዝቅታ አብሮ ይጠፋል፤ ተራራውም ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ አዋቂዎች ጎሕ ሲቀድና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሠራሉ፤ በመካከሉ ካሜራውን ከአቧራና ከጨው ጠብቀው ያርፋሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ችግር ግን የጨዉ ነጭነት ነው። በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ ያየውን ነገር ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት መሣሪያ ነው። ነጩን ጨው ባየ ጊዜ ብርሃን በዛብኝ ብሎ ይቀንሳል፤ ጨዉም አመድ ይመስላል፤ በጨዉ ላይ የቆመው ጠቈር ያለ ሰው ደግሞ ዓይኑና አፉ ጠፍቶ ባዶ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ፊቱ እንዲታይ የሚፈልግ አንሺ የመለኪያውን ምክር ትቶ ብርሃን መጨመር አለበት፤ ያን ጊዜ ግን የሰማዩ ሰማያዊነት ይገረጣል። ከሰማዩና ከሰውየው ፊት የትኛው ይቅር ቢሉን እኛ ሰማዩ ይቅር እንላለን። ሰማይ በየትም አገር አለ።

የአፋር ሰዎች ዳጉ የሚሉት ደንብ አላቸው። በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ቆመው ወይም ተቀምጠው ያዩትንና የሰሙትን፣ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የሰላሙንና የጠቡን ወሬ አንዱ ለአንዱ ይሰጣል፤ ሳይሰጥና ሳይቀበል ማለፍ ነውር ነው። ከመኪና ወርዶ ሰላም ሳይል ካሜራውን ወደ ሰው ፊት የሚያነሣ እንግዳ እንግዲህ በዚህ ደንብ ፊት ምን ይባላል? ወስዷል፤ ነገር ግን አልሰጠም።

በ1902 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊው ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1926 ዓ.ም. የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአውሳ በኩል እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ተጓዘ። በዕድሜው ሙሉ በልዩ ልዩ አገር ያነሣው 38 ሺህ ያህል ፎቶግራፍ ዛሬ በኦክስፎርድ በፒት ሪቨርስ ቤተ መዘክር ይገኛል። ሰውየው ከግመል ጋር የተጓዘ፣ ከአገሬው ጋር የሰነበተ ስለ ነበረ በሥራው ውስጥ የሰው ፊት አለ፤ ይህንን አንነፍገውም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የተነሣ የአፋር ሽማግሌ የልጅ ልጅ የአያቱን መልክ ለማየት ባሕር ተሻግሮ መሄድ ይገባዋልን?

ከአገራችን ልጆች በዚህ ነገር ላይ አጥብቀው ያሰቡት አይዳ ሙሉነህ ናቸው። በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በውጭ አገር አድገው፣ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2003 ዓ.ም. አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ትርኢት መሠረቱ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ዋተርኤይድ በተባለው የርዳታ ድርጅት ጥያቄ ወደ ዳሎል ወርደው፣ «የውኃ ሕይወት» ተብሎ ሊተረጐም የሚችለውን ተከታታይ ሥራ አነሡ፤ በተከታዩም ዓመት በሎንዶን በሶመርሴት ሃውስ ታየ። በሥራቸው ላይ ቀይና ሰማያዊ የለበሱ፣ ፊታቸውን በቀለም የተቀቡ ሴቶች በጨዉ ሜዳ ላይ የውኃ ዕቃ ይዘው ይታያሉ። ባለሥዕሏ እንደ ገለጹት በአገራችን በየመንገዱ ውኃ ተሸክመው የሚሄዱትን ሴቶች አይተው ነው ይህንን የሠሩት፤ የረኀብተኛና የጥማተኛ ሥዕል ማየት የለመደውንም ዓለም በሌላ መንገድ ሊያናግሩት ፈለጉ። አንዳንድ ሰው ቀለሙ በዛ ይላል። እኛ ግን ወደድነው፤ ሴቶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋልና።

አሁን ወደ ቢስክሌቱ እንለፍ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ በተሰለፈችበት በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ቢስክሌተኞችም ነበሩ፤ ከነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበሩ። ከዚያ ብዙ ዓመት ቈይቶ የመቀሌው ተወላጅ ጽጋቡ ግርማይ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በፈረንሳይ ዙሪያ ውድድር በመሰለፍ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኑ። በዚያ ዓመት 198 ተወዳዳሪዎች ተነሥተው 3 ሺህ 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሦስት ሳምንት ተጋልቦበታል። ጎረቤታችን ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ ደግሞ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ ወስዷል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ተደርጓል።

ጽጋቡ በተሰለፉበት ውድድር፣ ሐምሌ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. በሞን ቫንቱ ተራራ ላይ የሆነው ነገር ለፎቶግራፍ ሰዎች ትምህርት ነው። ሕዝቡ መንገዱን ስለ ዘጋው ካሜራ የጫነች ሞተር ቢስክሌት ድንገት ቆመች፤ አውስትራልያዊው ሪቺ ፖርት ከኋላዋ ተጋጨ፤ እንግሊዛዊው ክሪስ ፍሩምም አብሮ ወደቀ። ቢስክሌቱ ስለ ተሰበረ ቢጫውን ማልያ እንደ ለበሰ ተራራውን በእግሩ ይሮጥ ጀመር። የዚያ ቀን ሥዕል ዓለምን ሁሉ ዞረ። ሊያሳይ የመጣው ካሜራ የሚያሳየውን ነገር ራሱ ሰበረው ማለት ነው። የቀሩትን ተወዳዳሪዎች በዚያ ዕለት ማን አነሣቸው?

አንባቢ ሆይ፣ በቢስክሌት ቡድን ውስጥ ሁሉ ለማሸነፍ አይጋልብም። ብዙዎቹ፣ ጽጋቡም በቡድናቸው እንዳደረጉት፣ ለአለቃቸው የሚደክሙ ረዳቶች ናቸው። ረዳቱ ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀርቶ ከቡድኑ መኪና የውኃ ጠርሙስ ይቀበላል፤ በኪሱና በማልያው ውስጥ ጨምሮ እንደ ገና እየገሠገሠ ወደ ፊት ይደርሳል፤ ያድላል። ግማሽ ሊትር የሚይዙ ስምንት ጠርሙሶች ቢይዝ አራት ኪሎ ይሸከማል። የሀብሩ ቆላ ሴት በጀርባዋ የምታዝለው ጀሪካን ሃያ ሊትር ይይዛል፤ ይኸውም ሃያ ኪሎ ነው፤ መኪናም አይከተላትም። ሁለቱም በመጨረሻው መስመር ላይ አይነሡም። ወደ ምንጩ እንደርሳለን ያልነው ይህንኑ ነው።

ጥበቡን ለመማር ለሚወዱ ወጣቶች ጥቂት እንጨምር። የካሜራው መስኮት በሺኛ ሰከንድ ተከፍቶ ቢዘጋ ቢስክሌቱ ከነመንኰራኵሩ ሽቦ ደርቆ ይቀራል፤ እየሮጠ ሳለ ግድግዳ ተደግፎ የቆመ ይመስላል። በሠላሳኛ ሰከንድ ከፍቶ ካሜራውን ከቢስክሌተኛው ጋር እኩል ማዞር ግን ፊቱን ጥርት አድርጎ፣ በስተኋላው ያለውን ዛፍና ቤት እንደ ጭረት ያስመስለዋል፤ ፍጥነቱም ይታወቃል። ይህ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ተበላሽቶ ይወጣል፤ በዚህ ማዘን አይገባም። ከወልድያ ወደ መርሳ የሚወርደው አስፋልት ለዚህ መልካም ነው፤ ነገር ግን ልጆቹን ቍልቍለት ላይ ሳይሆን ወደ ወልድያ ሲወጡ አንሡአቸው። አዝግመው ስለሚሄዱ ለአንሺው ይቀላል፤ ድካማቸውም ፊታቸው ላይ ይነበባል፤ ከሁሉ በላይ ከከባድ መኪና ጋር አይሽቀዳደሙም። በመንገድ መካከል ቆሞ ማንሣት ክልክል ይሁን።

ወላጆችም ይስሙ። በፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስንሠራ፣ ጋብቻን ወይም ዝምድናን ለማስረዳት ፎቶግራፍ ከመዝገብ ጋር ሲያያዝ ብዙ ጊዜ አይተናል፤ በጀርባው ግን ስምም ቀንም የለበትም። አንዱ «ይህች እናቴ ናት» ይላል፤ ሌላው «አይደለችም፣ አክስቴ ናት» ይላል፤ የሚያውቁት ሽማግሌ ግን ካረፉ ቈይተዋል። በስልክ የተነሣው ደግሞ ጀርባ እንኳ የለውም፤ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከብዙው ጥቂቱን መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ፤ በጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳትጫኑ፣ የተነሣውን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ቦታውን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይታተም፤ አንዱ ለተነሣው ሰው ይሰጥ። ውኃ ቀድታ ስትመለስ የተነሣችው ሴት ቤቷ ሩቅ ቢሆን፣ ቅጂውን በገበያ ቀን ከመንደሯ ሰው ጋር መላክ ይቻላል።