«ፎርዊል ነው እኮ!»

ባለፈው ክረምት ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ፣ የተከራየናት ፎርዊል መኪና ጎማዋ ጥርሱ አልቆ ራሰ በራ ሆኖ ነበር። ሾፌሩን ብንጠይቃቸው «አይዟችሁ ልጆች፣ ፎርዊል ነው እኮ!» አሉን። ዝናብ ሲጥል መኪናዋ ኩርባው ላይ ተንሸራተተች። እግዜር አወጣን!

እንግዲህ እንነጋገር። ፎርዊል ከጭቃ ያወጣል እንጂ አያቆምም። ፍሬን ሲያዝ መሬቱን የሚጨብጠው ጎማው ነው። በጥርሶቹ መሃል ባለው ቦይ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ከእነሱ እኩል ከሆነ የቀረው 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጎማው አልቋል። ለእርጥብ አስፋልትና ለጭቃ ግን 3 ሚሊ ሜትር ሲቀር መቀየር ይሻላል። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ጎማም ጥርሱ ሙሉ ቢሆን አይታመንም።

ጎማ ውድ መሆኑ አይጠፋንም። «ይህን ክረምት ልግፋበት» የሚል ባለመኪናም ይገባናል። ግን የሚገፋው ጎማውን ብቻ አይደለም፤ እኛንም ነው። ውሳኔው ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይመጣ መሆን አለበት።

እኛ ተሳፋሪዎችስ? ከመግባታችን በፊት ጎንበስ ብለን ጎማውን እንይ። ጎማው ካልተቀየረ መኪና እንቀይር!