የማይሸጠው መሬት በጅጋ ስንት ያወጣል?

መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የደነገገው ይህንኑ ነው። ጅጋ ላይ ግን «ቤት እፈልጋለሁ» ብላችሁ ለደላላ ሹክ ብትሉት ምን እንደሚያሳያችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት። ግድግዳው ባሕር ዛፍ፣ ምርጊቱ ጭድና ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። እንጨቱን ቁጠሩ፣ ቆርቆሮውን ቁጠሩ፣ የአናጢውንም ጨምሩ፤ የተጠራው ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ቀሪው ገንዘብ የምን ነው? የመሬት ነዋ! የዚያ የማይሸጠው መሬት።

ጅጋን ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሁሉ ያውቃታል፤ ደምበጫን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሳይደርስ ናት። ዙሪያዋ የጤፍ፣ የበቆሎና የበርበሬ አገር ነው። በዚህ ለም ምድር መሀል ቤት ለምን እሳት ሆነ? እንደ እኔ ነገሩ ከ1989 ዓ.ም. የመሬት ሽግሽግ ይጀምራል። ያኔ «ቢሮክራሲ» የተባለው ገበሬ 4 ጥማድ ቀርቶለት ትርፉ ለሌላ ተሰጠ። የዚያን ሙግት ለጊዜው እንተወው። ከዚያ ወዲህ ግን በክልሉ እንደዚያ ያለ ድልድል አልተደረገም። በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ድርሻው የአባቱ ማሳ፣ ያውም ከወንድምና ከእህት ጋር ተሸንሽኖ። ስለዚህ ከተማ ይገባል፤ ባጃጅ ይነዳል፣ የቀን ሥራ ይሠራል፣ ማደሪያ ይከራያል።

በዚያችው ክፍል ላይ ተማሪውም ይሻማል። ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ የመጡ ልጆች ሦስትም አራትም ሆነው አንዲት ክፍል ይይዛሉ። ቅዳሜና እሑድ ቤተሰብ ጋ ወርደው እንጀራና በርበሬ ተሸክመው ይመለሳሉ። ሐሙስ ላይ እንጀራው ሻግቷል። ኪራይ ሲጨመር አራቱ አምስት ይሆናሉ፤ አምስተኛ ከጠፋ አንዱ ደብተሩን ጠቅልሎ አገሩ ይገባል።

ከተማው ዳር ያለው ገበሬስ? ለከተማ ማስፋፊያ ሲነሣ ካሳው የሚሰላው በሰብሉ ነው። በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ወደ 15 እጥፍ ከፍ አደረገው። ማሳው ግን ተቆራርሶ በሊዝ ጨረታ ሲወጣ፣ የ2004ቱ አዋጅ ቁጥር 721 እንደሚለው ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፤ ዋጋውም የጤፍ ዋጋ አይደለም። ልዩነቱ ወዴት ይገባል? ማዘጋጃ ቤት ካዝና!

ገበሬው ሞኝ አይደለም እኮ። ቀያሹ ሳይመጣበት ራሱ ቆርሶ ይሸጣል። ወረቀቱ ላይ ግን «ሸጥኩ» አይባልም፤ «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ይጻፋል። ገዢው በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ያቆማል። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ውሉ ፈራሽ፣ አፍራሽ ግብረ ኃይል ቢመጣ ቤቱ ፈራሽ። ይህ ሁሉ ስጋት ተደምሮ ዋጋው ላይ ይጫናል፤ ከፋዩም ያው ባጃጅ ነጂው ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ ደግሞ ጦርነቱ መንገድ ይዘጋል፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ምስማርና ቆርቆሮ ሰማይ ወጥቷል። ይህን ለጅጋ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። መሬቱ እየተሸጠ ነው፤ ስለዚህ ሽያጩ በግልጽ ይጻፍ። ይህ ካልተዋጠላችሁ፣ ክቡራን፣ ቢያንስ ከእያንዳንዱ የሊዝ ጨረታ ለተነሣው ገበሬ ድርሻ ቁረጡለት።