የምንወዳቸውና የሚያስፈልጉን

በአነጋገራችን ውስጥ እንደ መንታ ልጆች ተመሳስለው የሚያሳስቱን ሁለት ነገሮች አሉ። እነርሱም መውደድና ማስፈለግ ናቸው። «ያለ አንቺ መኖር አንችልም» የሚል ሰው «እንወድሻለን» ያለ ይመስለዋል። ነገር ግን ይህ ቃል ስለ ተናጋሪው ኑሮ የተነገረ ነው እንጂ ስለ እርስዋ የተነገረ አይደለም። በዚህች አጭር ጽሑፍ የሁለቱን ልዩነት እንደ አቅሜ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ገበሬ በሬውን ይወዳል። ስም ያወጣለታል፤ ሲያርስ በዜማ ያሞግሰዋል፤ ከራሱ አስቀድሞ ያበላዋል። በሬው አርጅቶ ቀንበር መሸከም ሲያቅተው ግን ወደ ገበያ ይነዳዋል። በዚህ ገበሬውን የሚወቅሰው የለም፤ በሬ ለሥራ ነውና። የሚያስወቅሰው ይኸው ነገር በሰው ላይ ሲደረግ ነው።

በ2012 ዓ.ም. በቤይሩት የሆነውን እናስታውስ። የሊባኖስ ገንዘብ ዋጋው ወድቆ የኮሮና ወረርሽኝም በተጨመረበት ጊዜ፥ አንዳንድ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት የቤት ሠራተኞቻቸውን በመኪና አምጥተው ከነሻንጣቸው በኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹም የሠሩበት ደመወዝ አልተከፈላቸውም ነበር። ከእነዚያ መካከል ትናንት «እንደ ልጃችን ናት» የተባለላት አትጠፋም። ቃሉ ሲነገር ውሸት ላይሆን ይችላል፤ የተነገረው ግን ስታስፈልግ ነበር።

ይህን በሰማን ጊዜ በደሴም በኮምቦልቻም ያልተቈጣ የለም። እኔም ተቈጥቼ ነበር። ዛሬ ግን ያን ቍጣ ወደ ራሳችን ቤት መልሼ ልመረምረው እወዳለሁ።

በወሎ ልጁን ወደ ዓረብ አገር ያልላከ ሰፈር ማግኘት ያዳግታል። የእኔም ታላቅ እኅት በ2011 ዓ.ም. ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ሄደች። የተዋዋለችው ለሁለት ዓመት ነበር፤ ሁለቱ አራት፥ አራቱም ስድስት ሆነ። በእርስዋ ገንዘብ የቤታችን ቆርቆሮ ተለወጠ፤ የአባቴ መድኃኒት ተገዛ፤ እኔም ደብተርና ጫማ ሳይጎድለኝ እስከ 12ኛ ክፍል ደረስሁ። ስትደውል እናቴ ትመርቃታለች። ከምርቃቱ በኋላ የሚቀጥለው ጥያቄ ግን ዘወትር አንድ ነው፤ «ሐዋላው መቼ ይደርሳል?»

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ መብራትና ስልክ ተቋረጠ፤ ባንኮችም ተዘጉ። እስከ ኅዳር 27 ቀን፥ አምስት ሳምንት ያህል፥ እንደዚሁ ቆየን። እኔ ያን ጊዜ የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። በኋላ ስልኩ እንደ ተከፈተ እኅቴ ደወለች። በየስማችን እየጠራች «እርሱስ አለ? እርስዋስ አለች?» እያለች ጎረቤቱን ሳይቀር ቈጠረች። ስለ ገንዘብም ሆነ ስለ ዕቃ አንድ ቃል አልጠየቀችም። እኛ ግን ተላቅሰን እንደ ጨረስን የጎደለብንን እንዘረዝርላት ጀመርን፤ ዱቄቱን፥ ቴሌቪዥኑን፥ የሚያስፈልገንን ብር። እርስዋ እነዚያን ሳምንታት በባዕድ አገር፥ በሰው ማድ ቤት፥ የሞታችንን ወሬ እየፈራች እንዴት እንዳሳለፈቻቸው የጠየቃት አልነበረም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ዓመት «ወገቤን ያመኛል፤ መምጣት እፈልጋለሁ» አለችን። በቡናው ዙሪያ የተቀመጥነው ሁሉ ዝም አልን። ከዚያም አንዱ «ትንሽ ብትታገሥ» አለ፤ ሌላውም «ወንድምሽ ትምህርቱን እስኪጨርስ» አለ። እርስዋም «እሺ፥ አብሽሩ» ብላ ዘጋችው። ያ ወንድም እኔ ነኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የቤይሩቶቹ አሠሪዎች ልጆቹ ስላላስፈለጓቸው አባረሯቸው፤ እኛ ደግሞ እኅታችን ስላስፈለገችን እንዳትመጣ ከለከልናት። ሥራው የተለያየ ቢሆንም በሁለቱም ዘንድ የታሰበው የራስ ጉዳይ ብቻ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው በመለሰች ጊዜ፥ ባዶ እጃቸውን ከመጡት መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። አንዳንዱ ቤት በእልልታ ተቀበላቸው፤ በአንዳንዱ ቤት ግን «እንኳን ደኅና መጣሽ» ከማለት በፊት «ምን ይዘሽ መጣሽ?» መባሉን የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

«ፍቅር ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ ድኻ ቤተ ሰብ ልጁ ብታስፈልገው ምን ነውር አለበት?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፥ ነውር የለበትም። ሕፃን እናቱን ማወቅ ሳይጀምር ታስፈልገዋለች፤ በሽተኛም አስታማሚ ያስፈልገዋል። እናቴም ልጅዋን አትወድም ብል ሐሰተኛ እሆናለሁ፤ የእኅቴን አሮጌ ሻሽ ከትራስዋ ሥር አድርጋ እንደምትተኛ አውቃለሁና። ነገር ግን ብል ልብስን እንደሚበላ ችግርም ፍቅርን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ጉዳቱ አይታይም።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። የሚያስፈልገን ሰው ሸክማችንን እንዲሸከምልን እንሻለን፤ የምንወደው ሰው ግን ሸክማችን እንዲቀልለት እንተጋለን። ሕፃን ያድጋል፤ በሽተኛም ይድናል። ስለ ማደግና ስለ መዳን የማያስብ ችግር ግን ከሰው ትከሻ አይወርድም።

በዚህ ምክንያት ከጥቂት ወራት በፊት ለብቻዬ ደውዬ «ነይ» አልኋት። ያለችኝ የመጀመሪያ ቃል «ትምህርትህስ?» የሚል ነበር። አሁን ቅዳሜና እሑድ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ በኮምቦልቻ ከአንድ ብየዳ ቤት እሠራለሁ። የማገኘው እርስዋ ከምትልከው ጋር የሚወዳደር አይደለም። ገና አልመጣችም፤ ውልዋ የሚያልቀው ከረመዳን በኋላ ነው። በመጣች ጊዜ የአባቴ መድኃኒት እንደሚያስጨንቀን፥ ቤታችንም እንደሚከብደው አውቃለሁ። ቢሆንም ቃሌን አላነሣም።

ይህ መጽሔት በወላጆችም እጅ ይገባል። እናቴ ፊደል ስላልቈጠረች የማነብላት እኔው ነኝ። እዚህ ቦታ ስደርስ ድምፄ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፤ ነገር ግን አልዘለውም።

የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፥ ከመካከላችን በእኅቱ ወይም በእናቱ ላብ የሚማር ብዙ ነው። ዛሬ ማታ ስትደውልላችሁ ከሐዋላው በፊት ምን እንደ በላች፥ ስንት ሰዓት እንደ ተኛች፥ ምን እንደሚያማት ጠይቋት። በመጨረሻም «ገንዘቡ ይቅር፥ አንቺ ግን አትቅሪብን» በሏት።