«አሁንም እየቀዳ ነው ወይ?»

ጉሮሯችን ትንሽ ሻክሯል። ጉንፋን ይዞን አይደለም፤ ሰሞኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ገብተን መንዙማ ስንቀዳ ስለሰነበትን ነው።

«ቁም ሳጥን ውስጥ?» ትሉ ይሆናል። አዎን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ! የእኛ ቤት ግድግዳው ሲሚንቶ ልስን፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ድምፅ ደረቅ ግድግዳ ሲመታ ተመልሶ ይመጣል፤ በዚህ ላይ አንድ ሰው ሲያዜም አራት ሰው የሚያጉረመርም ይመስላል። ጋቢ፣ ብርድ ልብስና የተሰቀለ ልብስ ግን ድምፁን ይውጡታል። ስቱዲዮ ያላቸው ሰዎች ግድግዳቸውን ለስላሳ ነገር የሚያለብሱት ለዚሁ ነው። እኛ ያንን የምንገዛበት ስለሌለን ከባለቤታችን ቀሚሶች መካከል ገብተን በሩን እንዘጋለን። ላብ ግን በነፃ ነው።

እውነቱን ለመናገር ድምፃችን የሚያስመካ አይደለም። ድቤ ብንመታም ለሰርግ የሚጠራን የለም። ይሁንና ሌላው ሰው ኳስ እንደሚወድ እኛ ድምፅ መቅጃ ዕቃ እንወዳለን። አንድ ጊዜ ዘይት ልንገዛ ከቆቃ አዳማ ሄደን ማይክራፎን ገዝተን ተመለስን። ባለቤታችን ካርቶኑን አገላብጣ አየችና፣ «ይሄ ስንት ሊትር ይይዛል?» አለችን።

ማይክራፎኑ እጅግ ጎበዝ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ጉብዝናው ነው፤ እኛ የማንሰማውን ሁሉ ይሰማል። ቀን ቀን ከሞጆ ወደ መቂ የሚከንፈው የጭነት መኪና አለ። ባጃጁ አለ። ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን የሚያጠጣው የውሃ ፓምፕ ከጧት እስከ ማታ «ዱግ ዱግ ዱግ» ይላል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ቆርቆሮውን ያንቀጫቅጨዋል። ማታ እንቁራሪቱና ውሻው ይረከባሉ። ከኢሻእ በኋላ ሁሉም ጸጥ ብሎ «ቢስሚላህ» ስንል ደግሞ መብራት ይጠፋል!

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የተባለው ለእኛ ነው። የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ በ1960 የተመረቀ፣ 43 ሜጋ ዋት ያህል እንዲያመነጭ የታነጸ ነው። ልጆች ሳለን በትምህርት ቤት ይህንን ስንሸመድድ ደረታችንን ነፍተን ነበር። ዛሬ የዚያው ሐይቅ ጎረቤት ሆነን ሻማ ይዘን ቁም ሳጥን መግባት ደግሞ አደጋ ነው። ቀሚሶቹ አሉ፣ ባለቤታችንም አለች።

የእህታችን ልጅ ኮምፒውተር ያውቃል። «አጎቴ፣ ለፓምፑ አታስብ፤ ጩኸት የሚያጠፋ ፕሮግራም አለ» አለን። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ጩኸቱን ለብቻው ጥቂት ሰኮንድ ያደምጣል፤ ከዚያ እርሱን የመሰለውን ሁሉ ከቅጂው ላይ ይቀንሳል። አስደመጥነው፤ ቀነሰ። ፓምፑ ጠፋ። ደስ ብሎን ወደፊት ብንሰማ እኛም ጠፍተናል! ባለቤታችን ከጓዳ ሆና፣ «ማሽኑ ሐቀኛ ነው» አለች።

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። «ዜማ የሚያርም አለ» ብሎ ሌላ አመጣ። እ.ኤ.አ በ1997 የመጀመሪያው ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው ፕሮግራም በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። ከዜማው የወጣውን ድምፅ ጎትቶ በአቅራቢያው ካሉት ከአሥራ ሁለቱ የድምፅ እርከኖች በአንደኛው ላይ ያስቀምጠዋል። መንዙማ ግን የሚጥመው በእርከንና በእርከን መካከል ሲንሸራተት፣ ሲሰበርና ሲያለቅስ ነው። ፕሮግራሙ ለቅሶውን ሁሉ እንደ ስሕተት ቆጥሮ አረመው። ሲያበቃ ድምፃችን በስልክ «የደወሉላቸው ደንበኛ…» እንደምትለው ሴት ሆኖ ቁጭ አለ።

እስካሁን ስቀናል፤ አሁን ደግሞ አንድ የማያስቅ ነገር እናውጋችሁ።

ልጅ ሳለን ቤታችን ውስጥ አንድ ቴፕ ነበረ። ካሴት የተባለውን ነገር የፊሊፕስ ኩባንያ ለዓለም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ በ1963 ነው። የስልሳ ደቂቃው ካሴት በሆዱ 90 ሜትር ያህል ክር ይይዛል፤ ይህንን ያወቅነው ቴፑ ክሩን በበላ ቁጥር እየጎተትን ስናወጣ ነው። በቢክ እስክሪብቶ ጠምዝዞ ያልመለሰ የዘመናችን ልጅ የለም። የሸይኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ መንዙማዎችም ወደ ቤታችን የገቡት በዚሁ በካሴት ነበር።

አባታችን አንድ የራሳቸው ካሴት ነበራቸው። በአንድ የመውሊድ ሌሊት ከጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ያዜሙት መንዙማ ነው። እንዳይጠፋ ብለው በካሴቱ ጀርባ ላይ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላዋ ሰብረዋቸው ነበር። ጥርሱ ሲሰበር ቴፑ የመቅጃውን ቁልፍ አላስጫን ይላል፤ ካሴቱ ይደመጣል እንጂ አይቀዳበትም። እኛ ግን በአሥራ ሁለት ዓመታችን ብልሆች ነበርን። ቀዳዳውን በታኘከ ወረቀት ደፈንነውና ቁልፉን ተጫንን። ያለ ግጥም፣ ያለ ዜማ፣ ሃያ ዘጠኝ ደቂቃ የራሳችንን ጩኸት ቀዳንበት። ቴፕ አዲሱን ድምፅ ከመቅዳቱ በፊት አሮጌውን ይደመስሳል። ያንን ያወቅነው በኋላ ነው።

አባታችን አልመቱንም። ጩኸታችንን ቁጭ ብለው አደመጡና፣ «ድምፅህ ወደፊት ይሻሻላል፣ ኢንሻ አላህ» ብለው ለሶላት ተነሡ።

ወደ አኼራ ከሄዱ ብዙ ዓመታቸው ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ከሞታቸው በኋላ ካሴቱን ፈልገን እስከ ዳር አደመጥነው። የእኛ ጩኸት ካበቃበት ቀጥሎ እስከ ክሩ ጫፍ አንድ ደቂቃ የማትሞላ ቦታ ተርፋ ኖሯል። ስኒ ይንኳኳል። አንድ ሰው ይስላል። ከዚያ የአባታችን ድምፅ፣ «ኧረ አሁንም እየቀዳ ነው ወይ?» ይላል። ክሩ ያልቃል።

ከአባታችን ድምፅ በእጃችን ያለው ይኸው ብቻ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ስለ ማይክራፎን ዋጋና ዓይነት ሰው ሲጠይቀን፣ «መጀመሪያ ልትቀዳ ያሰብከው የማንን ድምፅ ነው?» እንላለን። መሣሪያው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክ መልእክታቸውን በፎኖግራፍ ሰም ላይ ቀድተው ላኩ፤ ከተደመጠም በኋላ እንዲደመሰስ አዘዙ። ምኒልክና እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓይነት ሰም ላይ ምላሻቸውን ቀድተው ላኩ። የንግሥቲቱ መልእክት ጠፋ፤ የምኒልክና የጣይቱ ድምፅ ግን ዛሬም ይደመጣል። ልዩነቱ የሰሙ ጥራት አልነበረም። አንዱን ሰው አጠፋው፣ ሌላውን ሰው አኖረው፤ ይኸው ነው።

የግብጹ ቃሪእ ሸይኽ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪም ቁርኣንን ከዳር እስከ ዳር ቀርተው በድምፅ ያስቀሩት የእኛ ግድብ ከተመረቀ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1961 ነው። እሳቸው በ1980 አለፉ፤ ድምፃቸው ግን ዛሬም በየቤቱ ልጆችን ያስቀራል። በአገራችንም በሐረር አቶ ዐብዱላሂ ሸሪፍ ከጥንታዊ የእጅ ጽሑፎች ጋር የቆዩ የድምፅ ቅጂዎችን ከየሰው ቤት ሰብስበው በሙዚየማቸው አኑረዋል። እርሳቸው ባይደርሱለት ኖሮ ስንቱ ክር በየጓዳው ሻግቶ ይቀር ነበር።

እኛም ባለፈው ጊዜ ከቁም ሳጥኑ ወጣንና ሁላችን «አዴ» ወደምንላቸው ጎረቤታችን ሄድን። ማይክራፎኑን ቤት ትተን ተራ ስልክ ብቻ ያዝን። ቡናው ሲፈላ ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ፣ ከአፋቸው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አኖርነው። አዴ ሐይቁ ሲሞላ ልጅ ነበሩ። የጅሌ ኦሮሞዎች ከብት የሚያሰማሩበት ሰፊ መስክ ውሃ ሥር የቀረው ያኔ ነው። የቱ ጋ ዛፍ እንደነበር፣ የቱ ጋ ጥጃ ይጠብቁ እንደነበር ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ አወጉን። በመጨረሻም ከእናታቸው የተማሩትን መንዙማ አዜሙ። እኛ ሰምተነው የማናውቀው ዜማ ነበር።

መልሰን ስናሰማቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ «ይቺ አሮጊት ደግሞ ማናት?» አሉ።

በዚያ ቅጂ ላይ ዶሮ ይጮኻል፤ ስኒ ይንኳኳል፤ ፓምፑም እንደ ልማዱ «ዱግ ዱግ» ይላል። የእህታችን ልጅ «ላጥፋው?» ቢለን እምቢ አልን። ቆቃ ውስጥ የተቀዳ መሆኑን የሚመሰክረው ፓምፑ አይደል?

እንግዲህ ወጣት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ፣ ከዚህ ወር የምናስቸግራችሁ ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። ከእናንተ ድምፅ በፊት የአያታችሁን ቅዱ። አስቀድማችሁ ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ በስውር መቅዳት ነውር ነው። ሬዲዮውን ዝጉ፤ ስልኩን ከአፋቸው አታርቁ። ሳይታመቅ የተቀመጠ ጥሩ ቅጂ በደቂቃ 10 ሜጋ ባይት ያህል፣ በኤም ፒ ስሪ የታመቀው 1 ሜጋ ባይት ያህል ቦታ ይይዛል። ቦታ ካላችሁ ያልታመቀውን፣ ከሌላችሁ የታመቀውን አኑሩ፤ ከምንም ይሻላል። የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉበት። ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም፤ ስለዚህ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሰው እጅ ይቀመጥ። በቤታችሁ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ካለ ደግሞ ከልጆች አርቁት፤ በተለይ ብልህ ከሆኑት።

አያታችሁ በመካከል ወሬያቸውን አቋርጠው «አሁንም እየቀዳ ነው ወይ?» ብለው ቢጠይቋችሁ፣ «አዎን፣ ይቀጥሉ» በሏቸው።

እኛ ወደ ቁም ሳጥናችን እንመለሳለን። ዘይቱም ገና አልተገዛም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።